ለባንክ የቀረበ እርጥብ ሣር

እናቴ ባንክ ቤት ለመጀመሪያ ጊዜ የገባችው ቤቷን ልታስይዝ ነው። የእሑድ ቀሚሷን ለብሳ፣ ነጠላዋን አጣፍታ ገባችና ከጥበቃው ጀምራ እስከ መጨረሻው መስኮት ያሉትን ሠራተኞች በሙሉ «አካም ጂርቱ?» እያለች አንድ በአንድ ጨበጠች። ብር የሚቆጥሩት ሳይቀሩ ቆጠራቸውን አቋርጠው ተነሡላት። ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ ቆሞ ይጠብቃል። እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ስንወጣ «እንዴት ያሉ ጨዋ ልጆች ናቸው፤ እነዚህማ ክፉ አያደርጉብንም» አለችኝ። ይህ ነገሯ ዛሬም ትዝ ይለኛል። ልጆቹ ጨዋዎች አልነበሩም ማለቴ አይደለም። ጨዋዎች ነበሩ። ጉዳችንን ያፈላው ይኸው ጨዋነታቸው ነው።

ቤቱ ነቀምቴ ውስጥ፣ ከገበያው ወረድ ብሎ ያለ የጭቃ ቤት ነው። አባቴ ከጎጃም በመምህርነት ተመድቦ መጥቶ እናቴን ከኑኑ ቁምባ ካገባ በኋላ፣ ከደሞዙ ላይ እየቆጠበ፣ ጭቃውን ራሱ እየረገጠ የሠራው ነው። ጓሮው አቮካዶና ማንጎ ነው። የቆርቆሮው የግቢ በር ትንሽ ከፍ አድርገው ካልገፉት አይከፈትም፤ ይህን የማያውቅ እንግዳ ሲታገል እናቴ ከውስጥ «አንሣው፣ አንሣው» እያለች ትወጣለች። አባቴ ከሞተ ወዲህ እሷን ከዚያ ቤት ማንቀሳቀስ የሚታሰብ አልነበረም። እኔ ከሆስፒታሉ ጀርባ ተከራይቼ ስለምኖር «ነይ አብረን እንሁን» ስላት መልሷ ሁልጊዜ አንድ ነው። «እኔ ከዚህ በር የምወጣው በሰው ትከሻ ነው።» ይህን የምትለው እያዘነች አይደለም። ሰው ቀጠሮውን እንደሚናገር ቀለል አድርጋ ነው።

ታናሽ ወንድሜ ሹፌር ነው። የሰው መኪና መንዳት ሰለቸኝ፣ የራሴን አይሱዙ ልግዛ አለ። ከአንገር ጉቲን በቆሎና ሰሊጥ እየጫነ ነቀምቴ ሊያራግፍ ነው። ሥራው ጥሩ ሥራ ነበር፤ አይካድም። ባንኩ ግን መኪናው ብቻ አይበቃኝም፣ ቤት ጨምሩ አለ፤ ከቤተሰባችን ቤት ያላት ደግሞ እናቴ ብቻ ናት። እኔ ተቃወምኩ። «ወንድምሽ ሰው እንዳይሆን ነው?» ተባልኩና አፌን ያዝኩ። ለተወሰነ ጊዜ ሁሉም ሰላም ሆነ፤ ወንድሜ በወር በወሩ ይከፍላል፣ እናቴም ለመጣው ሁሉ «የልጄ መኪና» እያለች ታወራለች። ከዚያ መንገዱ ተዘጋ። ለምን እንደተዘጋ እዚህ አገር ያለ ሰው ያውቀዋልና አልደግመውም። መኪናው ጭነት ሊያነሣ በሄደበት አንገር ጉቲን ቀረ። ወንድሜ ነፍሱን ይዞ፣ ግማሹን በእግሩ፣ ግማሹን ለምኖ በተሳፈረበት ተመለሰ። መንገዱ ሲከፈት ሄዶ ያገኘው ጎማውም ባትሪውም ሞተሩም የተፈታ የብረት አጥንት ነበር።

እዚህ ላይ ባንኩ ጨካኝ ሆኖ ቢሆን ኖሮ ደስ ባለኝ። ጨካኝን ሰው ይሰድበዋል፣ ይከሰዋል፣ ቢያንስ ምን እንዳሰበ ያውቃል። እኛን የገጠመን ሌላ ነው። የብድር ክፍሉ ሠራተኛ አዝኖልን፣ ሻይ አዞልን፣ «የመክፈያ ጊዜው እንዲራዘምላችሁ አመልክቱ» አለን። አመለከትን። ወንድሜ አዲስ አበባ ሄዶ የሰው መኪና ላይ ተቀጥሮ ከደሞዙ እየቀነሰ ይልክ ነበርና፣ ያንን ልከፍል ስሄድ «አሁን አትክፈሉ፤ ማመልከቻው እስኪጸድቅ ትንሽ ትንሽ መክፈል ሒሳቡን ያዘበራርቀዋል» አለኝ። እሺ ብዬ ብሩን ይዤ ተመለስኩ። ብዙም ሳይቆይ ከዚያው ባንክ፣ ከሌላ ክፍል ተደወለልኝ።

«ለምንድነው የማትከፍሉት?»

«አትክፈሉ ተብለን ነው።»

«ማነው ያለው?»

«የእናንተው ሰው።»

«እሱ ፈቃድ ላይ ነው።»

ሰውየው ከፈቃድ ተመለሰ፤ አሁንም ትሕትናው እንዳለ ነው። ማመልከቻችን አንድ ማስረጃ ይጎድለዋል አለኝ። መንገዱ ተዘግቶ እንደነበር የሚያረጋግጥ ማስረጃ። «አንተ ራስህ ባለፈው በዓል እናትህ ጋ መሄድ አልቻልክም፣ መንገድ ተዘግቶብህ» አልኩት። «እውነት ነው» አለ፤ «ግን የእኔ ማወቅ ማስረጃ አይሆንም።» ቀበሌ ሄድኩ። ቀበሌው «መንገዱን የዘጋነው እኛ አይደለንም፤ እኛ ያልዘጋነውን ተዘግቶ ነበር ብለን እንዴት እንጽፋለን?» አለኝ። ዞን ሄድኩ። ዞኑ ነገሩ የሆነበት ቦታ ይጻፍልሽ አለኝ። ነገሩ የሆነበት ቦታ አንገር ጉቲን ነው፤ ወደ አንገር ጉቲን ደግሞ ያን ሰሞን መንገዱ እንደገና ተዘግቷል። ይህን ለባንኩ ሰው ስነግረው ራሱን ነቅንቆ «አይ፣ ይሄ እንኳ ይከብዳል» አለ። እኔም እኮ የምልህ እሱን ነው ብዬው ወጣሁ።

አዲስ አበባ ዋናው መሥሪያ ቤት ደወልኩ። ሙዚቃ አሰሙኝ። ሙዚቃው ሲያልቅ ድምጿ ማር የሆነች ልጅ «ጥያቄዎ ደርሶናል» አለችኝ። «ማን ጋ ነው የደረሰው?» ስላት «ሲስተሙ ላይ» አለች። ሲስተሙ ዘመድ አለው ወይ ብዬ ጠየቅኳት። አልገባትም፣ ሳቀች፣ መልካም ቀን ተመኘችልኝ። ውሃ ወቀጣ ማለት ይህ ነው።

ማስጠንቀቂያው የመጣው በዚህ መሐል ነው። ካልከፈላችሁ ቤቱ በሐራጅ ይሸጣል ይላል። ባንክ ለዚህ ነገር ፍርድ ቤት መሄድ አያስፈልገውም፤ ያስጠነቅቃል፣ ጊዜው ሲያልፍ ራሱ ይሸጣል። አንዱ ክፍል አትክፈሉ ይለናል፣ ሌላው ክፍል ስላልከፈላችሁ እሸጣለሁ ይለናል፤ ሁለቱ ክፍሎች አንድ ኮሪደር ላይ ፊት ለፊት ናቸው። ምሳ አብረው ሲወጡም አይቻቸዋለሁ።

እናቴ ማስጠንቀቂያውን አስነብባ ስትሰማ አላለቀሰችም። ነጠላዋን ለብሳ የእድሩ ዳኛ ጋ ሄደች። እኚህ ሰው ጡረታ የወጡ የጤና ረዳት ናቸው፤ የተጣሉ ባልና ሚስት፣ የተካካዱ ነጋዴዎች፣ ድንበር የገፋ ጎረቤት፣ ሰፈራችን ውስጥ ያለ እሳቸው የታረቀ የለም። በማግስቱ ቤታችን መጡና «ጃርሱማ እንገባለን» አሉ። ሽምግልና ማለታቸው ነው። ለባንክ።

«ጋሼ፣ ባንክ እኮ ሰው አይደለም» አልኳቸው።

«ውስጡ ሰው የለም?» አሉኝ።

ሰውስ አለ። 

አገሩን ለማያውቅ ሰው ይህን ልንገር። እዚህ ልመና በባዶ እጅ አይኬድም። ሽማግሌዎቹ እርጥብ ሣር ነጭተው ይዘው ይሄዳሉ። ያ የሚለመነው ሰው ሣሩን ከእጃቸው ከተቀበለ፣ ተነሥቶም ከተመረቀ፣ ነገሩ አለቀ። ደም የተቃቡ ሰዎች እንኳ በዚህ በርደዋል። ከዚያ ወዲያ «እስቲ ያልከውን ፈርምልኝ» ማለት ሽማግሌን ውሸታም እንደማለት ይቆጠራል።

የእድሩ ዳኛና ሌሎቹ ሽማግሌዎች ሣሩን የነጩት ከእናቴ ጓሮ ነው። ካፖርታቸውን ደርበው፣ ከዘራቸውን ይዘው ሄዱ፤ እኔም ከኋላ ተከተልኩ። ሥራ አስኪያጁ የዚሁ አገር ልጅ ነው፤ ገና ሲያያቸው ከወንበሩ ተስፈንጥሮ ተነሣ። ወንበር አስመጣ፣ ለስላሳ አዘዘ። የእድሩ ዳኛ ነገሩን አባቴ ጭቃ ከረገጠበት ቀን ጀምረው፣ በወንድሜ መኪና አድርገው፣ የእናቴ ብቸኝነት ላይ አደረሱና ቆመው ሣሩን ዘረጉለት። ሥራ አስኪያጁ ቆመ። በሁለት እጁ ተቀበለ። ሌላ ማስቀመጫ ስላጣ ከኮምፒውተሩ አጠገብ አስቀመጠው፤ ጤዛው ሥሩ ያለውን ወረቀት ሲያረጥበው አየሁ። ሽማግሌዎቹ መረቁት፤ ዋቃ ያሳድግህ፣ ልጆችህ ይባረኩ፣ የባንክህ ደጅ አይዘጋ አሉት። እሱም አጎንብሶ «ሀ ታኡ፣ ሀ ታኡ» እያለ ተመረቀ፤ ይሁን፣ ይሁን ማለቱ ነው። እስከ አስፋልቱ ድረስም ሸኛቸው።

እኔ ወደ ኋላ ቀረት ብዬ «እንግዲህ ምን ተወሰነ?» አልኩት።

«አታስቢ፣ እናየዋለን» አለኝ።

በጽሑፍ ስጠን ልለው አፌን ስከፍት የእድሩ ዳኛ ዞር ብለው በዓይናቸው ገሠጹኝ። መንገድ ላይም አልማሩኝም። «አንቺ ልጅ፣ ሣር ከተቀበለ ሰው ወረቀት ይጠየቃል? ምነው፣ ያሳደገሽ የለም?» አሉኝ። እሺ ይበልጣል ከሺ ይላል ያገሬ ሰው። እሺ ከሺ የሚበልጠው ግን ሺውን ያበደረህ ሰው ራሱ እሺ ሲልህ ነው። የዚህ ሰውዬ አለቆች አዲስ አበባ ናቸው፤ ጠረጴዛቸው ላይ ሣር ቢያዩ የጽዳት ሠራተኛዋን ነው የሚጠሩት።

እናቴ ያን ቀን ጥሩ እንቅልፍ ተኛች። ሲነጋ ከጓሮዋ ምርጥ ምርጡን አቮካዶ ለቅማ ለባንኩ ሠራተኞች ላከች። ሰፈሩ በሙሉ ተፈታ፣ አለቀ አለ። ቤታችን የጸሎት ፕሮግራም ተደረገ፣ ምስጋና ቀረበ፤ ሥራ አስኪያጁም በስሙ ተጸለየለት። እኔ ብቻ እየተመላለስኩ «ምን ደረሰ?» እላለሁ። አንድ ቀን «ሲስተም የለም»፣ አንድ ቀን «ወደ በላይ ተልኳል»፣ ሌላ ቀን «ከበላይ አልተመለሰም» ይሉኛል። ክፍለ ጊዜ ጨርሼ፣ የጠመኔ አቧራዬን ሳላራግፍ እየሮጥኩ ነው የምሄደው፤ እነሱ ደግሞ ደርሼ ሳልቀመጥ «አዴ ደህና ናቸው?» ብለው እናቴን ይጠይቁኛል። ከዚያ ሥራ አስኪያጁ ወደ ሌላ ከተማ ተዛወረ። ሊሰናበታት እንኳ ቤት ድረስ መጥቶ ነበር።

እሱ በሄደ ማግስት በሉት፣ ሜትር የያዘ ወጣት የግቢውን በር ሲታገል እናቴ «አንሣው» ብላ አስገባችው። ግድግዳውን ለካ፣ ጣሪያውን አየ፣ ፎቶ አነሣ። እሷ ደግሞ እንግዳ ነው ብላ ጨጨብሳ ሠርታ አበላችው። እኔ ስደርስ እጁን እየታጠበ ነበር።

«ለምንድነው የምትለካው?» አልኩት።

እኔን አየ፣ ሳህኑን አየ። «ለሐራጅ ግምት ነው» አለ፣ ድምፁን ቀንሶ።

አቮካዶውና ማንጎው ስንት እንደሚገመት ጠየቅኩት። ዛፍ አይገመትም አለኝ። ቤቱም ጭቃ ስለሆነ ዋጋው ዝቅ ይላል አለ። እናቴ ከጓዳ ሆና «ምን ይላል?» ስትለኝ «ቤትሽ ያምራል ይላል» አልኳት። ሌላ ምን ልበላት። ልጁ ሲወጣ ለመንገዱ ማንጎ ቋጠረችለት፤ እሱም አልቀበልም አላለም።

በማግስቱ ጠዋት ባንኩ ሲከፈት ቀድሜ በሩ ላይ ነበርኩ። አዲሱ ሥራ አስኪያጅ ዓይኑ ሥር የጠቆረ፣ ድካም ያለበት ሰው ነው። ፋይላችንን ከፈተ። ማመልከቻ አለ፤ ማስረጃው ያልተሟላ ይላል። ክፍያ የለም። ስምምነት የለም።

«ሽማግሌ መጥቶ ነበር» አልኩት። «ያኔ የነበረው ሥራ አስኪያጅ ሣር ተቀብሏል።»

የሚሳለቅ ሰው አይደለም፤ ፈገግ እንኳ አላለም። «እህቴ፣ ሣር ፋይል ውስጥ አይገባም» አለኝ። ወንድሜ የላከውን፣ አትክፈሉ ተብዬ ያስቀመጥኩትን ብር አሁን ልክፈል አልኩት። አሁን በከፊል አንቀበልም፣ ያለፈው ሁሉ በአንድ ጊዜ ካልሆነ አይቆምም አለኝ። ያንን ከየት እንደምናመጣ እሱም ያውቃል።

ወጥቼ እዚያው ደረጃው ላይ ቆሜ ለተዛወረው ደወልኩ። ደስ ብሎት አነሣ፣ ስለ ሁላችንም ጤንነት ጠየቀ። ነገሩን ስነግረው እውነቱን አወጣ። ለካ ጊዜውን ማራዘም መጀመሪያውኑም የእሱ ሥልጣን አልነበረም።

«ታዲያ ያን ዕለት ለምን እንቢ አላልክም?»

«በሽማግሌ ፊት? አባቶቼ ሣር ይዘው ቆመው እንቢ ልበላቸው? አንቺ ብትሆኚ ትያቸው ነበር?»

እል ነበር። አዎ፣ እል ነበር። እንቢ ብሎን ቢሆን ኖሮ በጊዜው እናውቃለን። ብሩን ሰብስበን፣ ኑኑ ቁምባ ያሉ አጎቶቼን ለምነን፣ ሌላ ባንክ ደጅ ጠንተን አንድ ነገር እናደርግ ነበር። እሱ እንቢ ማለት አፍሮ እናቴን ከቤቷ ሊያስወጣት ነው።  ስልኩን ከመዝጋቱ በፊት ግን ምን አለ መሰላችሁ፤ «ለእናታችን ሰላም በይልኝ።»

የሐራጁ ማስታወቂያ የግቢው በር ላይ ተለጠፈ። እድሩ ተሰበሰበና፣ ከዚህ ሰፈር ማንም ሰው ሄዶ ዋጋ እንዳይጠራ፣ የመበለት እንባ ያለበትን ቤት የገዛ ከእኛ እንዳይቆጠር ተባለ። ሁሉም ማለ። እናቴ የዚያን ጊዜ ነው ያለቀሰችው፣ በደስታ። እኔም አልዋሽም፣ ሰው አለኝ አልኩ።

የሐራጁ ቀን ሰፈርተኛው ባንኩ ፊት ለፊት ካለው ሱቅ ደጃፍ ተደርድሮ ማን እንደሚገባ ይጠብቃል። የመጣው ከሌላ ከተማ የሆነ አንድ ነጋዴ ብቻ ነው፤ እሱም ቤቱን በቅድሚያ ልየው ብሎ ባጃጅ ያዘ። ባለባጃጁ የእድራችን ሰው ነው። በዩኒቨርሲቲው በኩል፣ በሆስፒታሉ በኩል፣ ኮረኮንቹን ሁሉ ሲያዞረው ቆየና ሰዓቱ ካለፈ በኋላ ባንኩ በር ላይ መልሶ አውርዶ ሒሳቡን ተቀበለው። ሐራጁ ያለ ገዢ ተዘጋ። ማታ ሰፈራችን ሠርግ ያለበት ይመስል ነበር።

ደስታው አንድ ቀን አልሞላም። ብድር ክፍል አዲስ የተቀጠረች ልጅ ከባንኩ ደጅ አስጠርታ አናገረችኝ። «ቲቸር፣ ደስ ብሏችኋል ሲሉ ሰማሁ» አለች። «ሁለተኛ ሐራጅ ይወጣል። በዚያም ገዢ ከጠፋ ባንኩ በራሱ ግምት ቤቱን ይወስደዋል። ግምቱ ደግሞ እዳውን አይሸፍንም። ቤቱም ይሄዳል፣ እዳም ይተርፋል፤ የተረፈው ወንድምዎን እየተከተለው ይኖራል። ለእናንተ የሚሻላችሁ ሰው መጥቶ በደንብ ሲጫረት ነው።» በዚያ ሁሉ ምልልስ ከዚያ ሕንፃ ውስጥ እውነቱን በግልጽ የነገረኝ የመጀመሪያው ሰው እሷ ናት። ቆማ ነው የነገረችኝ፤ ሻይም አላዘዘችልኝም። ልስማት ትንሽ ነው የቀረኝ።

እየሮጥኩ የእድሩ ዳኛ ጋ ሄድኩ። መሐላውን አንሡልን፣ ሰው ይጫረት፣ ዋጋው ይውጣ አልኳቸው። ያበድኩ መሰላቸው።

«ልጄ፣ በእናትሽ ቤት ላይ ዋጋ ጥሩ ብለን ሰው እንላክ? በምን አፋችን?»

«ደግ አደረግን ብላችሁ እየጎዳችሁን ነው እኮ፣ ጋሼ።»

«እግዚአብሔር ያውቃል» አሉ። ውይይቱ በዚሁ አለቀ። በሬ ሆይ፣ ሣሩን አየህና ገደሉን ሳታይ ብዬ ልተርት ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር፤ ታላቅ ሰው ናቸውና ዋጥኩት።

ለእናቴ ነገርኳት።  «መሄዱ አይቀርም?» አለችኝ።

«አይቀርም፣ እማዬ።»

ተነሣች። በአጥሩ መሐል ባለችው ማለፊያ ጎረቤታችን ጋ ዘለቀች፤ እኔም ተከተልኳት። ጎረቤታችን ገበያ ውስጥ የጨርቅ ሱቅ ያላት ሴት ናት፤ ልጇ ውጭ አገር ሆኖ ይልክላታል። ያቺን ማለፊያ አጥሩ ላይ የከፈቷት ሁለቱ ናቸው፤ እኛን አንድ ላይ ሲያሳድጉ በመንገድ መዞር ሰልችቷቸው።

«ግዢው» አለቻት እናቴ፣ ሳትቀመጥ።

«ምን ነካሽ? በእንባሽ ላይ አልጋ ልዘርጋ?»

«ማሎ» አለች እናቴ። ስትለምን ኦሮምኛው ይቀድማታል። «የማላውቀው ሰው ከሚገባበት አንቺ ግቢበት። አንቺ ዛፎቼን አትቆርጫቸውም።»

ሁለቱ ተያይዘው አለቀሱ። እኔ ደጃፉ ላይ ቆሜ ባንኩንም፣ የተዛወረውንም፣ እድሩንም በየተራ በልቤ ረገምኩ።

በሁለተኛው ሐራጅ ጎረቤታችን ገባች። ነጋዴውም መጣ፤ አሁን በእግሩ ነው የመጣው። እየተቀባበሉ ዋጋውን ከባንኩ ግምት እጅግ በላይ አደረሱት፤ በመጨረሻ እሱ ተወ፣ ለእሷ ጸና። እዳው በሙሉ ተከፈለ። ወንድሜ ነጻ ወጣ፤ ለእናቴም የተረፈ ብር ነበር። ጎረቤታችን እዚሁ ኑሪ፣ ኪራይ የሚባል ነገር እንዳልሰማ ብላ እግሯ ላይ ልትወድቅ ደረሰች። እናቴ ግን «በገዛ ቤቴ እንግዳ አልሆንም» አለችና ከሆስፒታሉ ጀርባ እኔ ጋ መጣች። ከዚያ በር የወጣችው በራሷ እግር ነው። በሰው ትከሻ የወጣው ብፌው ነበር።

እዚህ ላይ ያበቃል ብዬ ነበር። ማን ይተወናል። መሐላ ያፈረሰች ተብላ ጎረቤታችን ተገለለች። የሰፈር ሰው ሱቋ መግባት ተወ። ሰላም ስትል ፊቱን የሚያዞር በዛ። እኔ በየቤቱ እየገባሁ «ግዢ ያለቻት እናቴ ናት» ስላቸው «እሷማ ምን ታድርግ፣ ጨንቋት ነው» ይሉኛል። ቤቱን ልታስመርቅ ደግሳ ሰፈሩን ብትጠራ አንድ ሰው ድርሽ አላለም፤ የተሠራው ወጥ ሳይነካ ውሎ አደረ። ባንኩን ግን አንድ ቃል የተናገረው የለም። የባንኩ ሠራተኞች በመንገድ ሲያልፉ ዛሬም በሁለት እጅ ነው የሚጨበጡት። 

እናቴ ስለ ድግሱ ስትሰማ እህል አልቀመስም አለች። እድሩ በሚሰበሰብበት እሑድ ተነሥታ የእሑድ ቀሚሷን ለበሰች። የምትነጭበት ጓሮ የላትምና ከመንገድ ዳር ሣር ነጨች። ሴት ሣር ይዛ ሽማግሌ ፊት መቆሟ የተለመደ አይደለም፤ እሷ ግን መሐል ገብታ ቆመች።

«የተበደልኩት እኔ ከሆንኩ ይቅር የምለውም እኔ ነኝ» አለች። «ይቺ ሴት ቤቴን አልወሰደችብኝም። ቤቴ ሲወሰድ ነው በእጇ የያዘችልኝ። ሄዳችሁ ቤቷን መርቁላት፣ እህሏን ብሉላት።»

 የእድሩ ዳኛ ቆመው ሣሩን በሁለት እጃቸው ተቀበሉ። መረቁ። ሰውም «ሀ ታኡ» አለና ሊበተን ተነሣ፤ ባርኔጣ የሚፈልገው ይፈልጋል፣ ስለ ዝናብ የሚያወራው ያወራል።

እኔ ግን ይህን የሣር ነገር አንድ ጊዜ አይቼዋለሁ።

«ወዴት ነው የምትሄዱት?» አልኳቸው።

«ሣሩን ተቀብለናል እኮ» አሉ የእድሩ ዳኛ።

«ባንኩም ተቀብሎ ነበር፣ ጋሼ። አሁኑኑ ነው የምትሄዱት፤ ሣሩ ሳይጠወልግ።»

ድምፄ ከሚገባው በላይ ከፍ ብሎ ነበር። ይገሥጹኛል ብዬ ጠበቅኩ። እሳቸው ግን እጃቸው ላይ ያለውን ሣር አይተው፣ ከዘራቸውን አነሡና «እንሂድ» አሉ።

ሰው ሁሉ ተከተለ። እናቴ ከፊት ናት፤ መንገዱን እግሯ ያውቀዋል። በሩ ጋ ስትደርስ እንደ ልማዷ ቆርቆሮውን ከፍ አድርጋ ገፋችውና ወደ ሰዉ ዞራ «ግቡ፣ ግቡ፣ ምን ያስቆማችኋል» አለች። እጇ በሩ ላይ እንዳለ ፊቷ ተለወጠ። ቀስ ብላ በሩን መልሳ ዘጋችው። ነጠላዋን አስተካከለችና በጣቷ አንኳኳች።

ሰዉ ከኋላዋ ቆሞ ጠበቀ። ጎረቤታችን ከውስጥ እየሮጠች ስትመጣ፣ በሩን ስትስብ፣ እንቢ ሲላት ይሰማል። ብዙ ጊዜ በአጥሩ ማለፊያ ስለምትገባ ይህን በር አልለመደችውም። እናቴ እጇን ዘርግታ ልትገፋላት ትችል ነበር። አልገፋችላትም።

«አንሺው» አለቻት። «ትንሽ አንሺው፣ ይከፈትልሻል።»